ሦስት ማሽን፣ አንድ ስሕተት

ሶፎኒያስ ሦስቱን መሣሪያዎች በሱዳን ገዳሪፍ ባለው የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ማኅበር ጠረጴዛ ላይ እንደ ሙሽራ ጥሎሽ ጎን ለጎን ደርድሮ፣ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ የተሰበሰበውን ሕዝብ በኩራት ቃኘ። አንደኛው ከአንድ የሰሊጥ ነጋዴ የተዋሰው፣ ዊንዶውስ የተጫነበት ላፕቶፕ ነው። ሁለተኛው አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ለማኅበሩ የለገሰው፣ ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሥርዓት የሚሠራ ላፕቶፕ ነው። ሦስተኛው የራሱ የእጅ ስልክ ነው።

«እስከ ዛሬ መዝገባችሁ የአንድ አሮጌ የኮምፒውተር ሣጥን እስረኛ ነበር» አለ፣ ከአማርኛው ይልቅ ዓረብኛው እየቀደመው። «ሣጥኑ ሲታመም መዝገቡም ይታመማል። ከዛሬ ጀምሮ ኻላስ፣ አበቃ! በዊንዶውስ ይሠራል፣ በሊኑክስ ይሠራል፣ በስልክ ይሠራል። ነገ ሌላ ሥርዓት ቢመጣ በእሱም ይሠራል!»

ቀጥሎም የአንድ ሰው ስም ለሦስቱም ጻፈላቸው። ሦስቱም ወዲያው አንድ ዓይነት መልስ አወጡ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሐጅ እስማኤልም ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

መምህር ጋረደው አላጨበጨቡም። ከፊት ረድፍ ወንበር ላይ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን በከዘራቸው አናት ላይ ደራርበው ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አላወጡም። አንድ ጎረምሳ በስልኩ ሲፎክር ለማየት መነጽር የሚያወጣ ሰው ሌላ ሥራ ያጣ ሰው ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህም በሦስቱ መስኮቶች ላይ ምን እንደ ተጻፈ አላነበቡም፤ ያዩት የሶፎኒያስን ጥርስ ብቻ ነው።

«እንዴት አዩት፣ መምህር?» አሉ ሐጅ እስማኤል ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው።

«ሦስት መስተዋት አቁሞ አንድ ፊት አሳየን።»

«ኧረ ይተዉ፤ ልጁ እኮ ኢንጅነር ነው።»

«የት ተምሮ?»

ሶፎኒያስ ሰማቸው። «እኔ ራሴን ነው ያስተማርኩት፣ ኡስታዝ» አለ፣ መምህርነታቸውን በዓረብኛ እየጠራ፣ ፈገግታውን ሳይሰበስብ።

«እንግዲያውስ ተማሪውም መምህሩም ሰነፍ ነበሩ» አሉ መምህር ጋረደው። ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ።

ሶፎኒያስ ካርቱም ተወልዶ ካርቱም ያደገ፣ በገበያ ስልክ እየጠገነ የኖረ፣ ጦርነቱ ከተማይቱን ሲያምሳት እናቱን ይዞ ወደ ገዳሪፍ የሸሸ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። ያደገበት ሰፈር «እርስዎ» ማለትን ስላላስተማረው ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» ይላል። መምህር ጋረደው ይህን በደል በሰሙት ቍጥር በልባቸው እየጻፉ ይዘውታል። እሳቸው በጎንደር ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው፣ በደንቢያ ስምንት ዓመት አስተምረው፣ በክፉው ዘመን በመተማ አድርገው የተሻገሩ ሰው ናቸው። ተማሪ ቆሞ ካልሆነ በቀር አናግሯቸው አያውቅም ነበር።

ገዳሪፍ ከገቡ ጀምሮ የማኅበሩን መዝገብ የያዙት እሳቸው ናቸው። መዝገቡ ማን ከየት እንደ መጣ፣ መቼ እንደ ተወለደ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ የሚናገር ነው። በስደት አገር የልደት ወረቀት የሌለው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ከመዝገቡ የሚወጣው የማኅበሩ ወረቀት በሾዋክ ባለው የስደተኞች ጽሕፈት ቤት ፊት ክብር ነበረው።

ከዐሥራ ስምንት ዓመት በፊት ክንፈ የሚባል ቁም ነገረኛ ወጣት መዝገቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር አገባው። ፕሮግራሙን የጻፈው ለአንድ ሣጥን፣ ለአንድ ዓይነት ዊንዶውስ ነበር፤ በሌላ ማሽን ይሠራ እንደ ሆነ የጠየቀው አልነበረም። ፕሮግራሙ የሰውን ዕድሜ አይዝም፤ የተወለደበትን ዓመት ብቻ ይይዛል። ዕድሜ ሲጠየቅ የማሽኑን ሰዓት ተመልክቶ፣ ዛሬ ከሆነው ዓመት ላይ የልደቱን ዓመት ቀንሶ ይናገራል። ሥራው በተጀመረ ዕለት ታዲያ ማኅበርተኛው ሁሉ ድንገት ሰባት ስምንት ዓመት አረጀ። በመዝገቡ ያለው የልደት ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲሆን፣ የማሽኑ ሰዓት የሚቈጥረው የፈረንጆቹን ነበርና።

«መምህር፣ ዘመኑን የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ልጨምርበት» አላቸው ክንፈ ያን ጊዜ። «የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።»

«እኛ ስለ ምን ወደ እነሱ እንዛመዳለን? ማሽኑ ወደ እኛ ይምጣ።»

«ማሽኑ እኮ ዐሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም፣ መምህር።»

«ካላወቀ ይማራል።»

ክንፈ ትከሻውን ነቀነቀና የሰዓቱን መቀየሪያ አሳያቸው። በዓመቱ ወደ ሌላ አገር ሄደ።

ከዚያ ወዲህ መምህር ጋረደው ማሽኑን ሲያስተምሩ ኖሩ። በየዓመቱ እንቍጣጣሽ ጠዋት፣ ማንም ሳይደርስ፣ ጽሕፈት ቤቱን ከፍተው የማሽኑን ሰዓት የፈረንጆቹ የመጀመሪያ ወር የመጀመሪያ ቀን ያደርጉታል፤ ዓመቱንም የእኛን ዓመት ይጽፉበታል። ማሽኑ ጃንዋሪ ይበለው እንጂ ለእሳቸው መስከረም ነው። መስከረም ሠላሳ ሲያልቅ ማሽኑ ሠላሳ አንድ ሊል ያቆበቁባል፤ እሳቸው ቀድመው ወደ ሁለተኛው ወር ያሻግሩታል። ሁለተኛው ወር በፈረንጅ ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ጥቅምት ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ ማሽኑ የሚናገረው ቀን የለውም፤ ስለዚህ በእነዚያ ሁለት ቀናት አጥፍተው በሩን ይቆልፋሉ። ጳጉሜን ሲገባ ደግሞ አምስቱን ወይም ስድስቱን ቀን ሁሉ ዝግ ነው። በሩ ላይ «የመዝገብ ምርመራ ቀናት» የሚል ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። ሰፈርተኛው «መዝገብ ቤቱ ሱባኤ ገባ» እያለ ይቀልዳል እንጂ ምክንያቱን የጠየቀ አልነበረም። እሳቸውም አልተናገሩም። ዘመንን በእጁ የሚያስኬድ ሰው ለሰፈርተኛ ማብራሪያ አይሰጥም።

ከዚያ የጭብጨባ ቀን አስቀድሞ፣ ሶፎኒያስ መዝገቡን ከአሮጌው ማሽን ሊገለብጥ በመጣ ዕለት ወሩ ኅዳር፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ነበር። ማሽኑን አብርቶ ጥቂት ካየ በኋላ ከት ብሎ ሳቀ።

«ኡስታዝ፣ እየው! ሰዓቱ ሞቷል። ማርች 2018 ይላል። እኛ ያለነው 2025 ላይ ነው፤ ይሄ ሰውዬ ሰባት ዓመት ተኝቷል!»

መምህር ጋረደው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። የፈረንጁ ሦስተኛ ወር የእሳቸው ኅዳር ነው፤ ማሽኑ አንድ ቀን እንኳ አላጓደለም ነበር።

«ባትሪው ነው» አለ ሶፎኒያስ እየቀጠለ። «ውስጡ ትንሽ ባትሪ አለች፤ ስትሞት ሰዓቱ ይቆማል። ሙሽኪላ የለም፣ ችግር የለም። አዲሶቹ ሰዓታቸውን ከኢንተርኔት ይወስዳሉ፤ ማንም አይነካቸውም።»

አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃ ነበር። ቃሉም እስከ ጥርሳቸው ድረስ መጥቶ ነበር። ነገር ግን የገዛ ወላጆቹን ዘመን ቍጥር በዓይኑ እያየ «ባትሪ ሞተ» የሚለውን ይህን ሰው ሲመለከቱ ንቀት ቃሉን መልሶ አስዋጣቸው። ለማን ነው የማስረዳው? አሉ በልባቸው። ይህ እኮ እንቍጣጣሽን የሚያውቃት በዶሮዋ ብቻ ነው።

«እንደምታውቅ አድርግ» አሉትና ወደ ጥላው ወጥተው ተቀመጡ።

እንደሚያውቀውም አደረገ። የክንፈን ፕሮግራም ከአሮጌው ዊንዶውስ ነቅሎ በየትኛውም ሥርዓት እንዲሠራ አድርጎ ጻፈው። ፕሮግራሙ ዛሬን ከማሽኑ ሰዓት መጠየቁን ሳይነካ እንዳለ አሻገረው። ከጭብጨባው ማግሥትም የሁለት መቶ ዐሥራ አራት ቤተሰብ ዝርዝር በአማረ ወረቀት ታተመ፤ ሐጅ እስማኤል ሳያነቡ ማኅተሙን መቱበት፤ ዝርዝሩም ወደ ሾዋክ ሄደ።

በስድስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሸዋረጋ የጽሕፈት ቤቱን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ሸዋረጋ በሰሊጥ ማበጠሪያ መጋዘን የምትሠራ የቋራ ሴት ናት፤ የወንፊቱ አቧራ ከሻሿ ላይ ገና አልተራገፈም። ባሏ ሃየሎም ከሦስት ዓመት በፊት ወደ አንድ ብርዳም አገር ተሻግሮ፣ አሁን ቤተሰቡን እንዲያስመጣ ተፈቅዶለታል። ፈቃዱ የሚያገለግለው ለሚስቱና ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች ለሆነ ልጁ ብቻ ነው። ያ ልጅ ብፅአት ናት፤ ከእናቷ ኋላ ደብተሯን አቅፋ ቆማለች።

«መምህር ጋረደው! ልጄን ማን ነው ለባል ያደረሰብኝ?»

«ምን ትያለሽ አንቺ?»

«ይኸው!» የማኅበሩን ዝርዝር ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ይላል! ይቺን ይመልከቷት፤ ይቺ ናት ዐሥራ ዘጠኝ? የፊት ጥርሷን ከቀየረች ገና ስንት ጊዜዋ ነው? ሾዋክ ያለችው ሠራተኛ ሁለት ወረቀት አውጥታ አሳየችኝ። የአምናው ዐሥራ አንድ ይላል፤ የዘንድሮው ዐሥራ ዘጠኝ። 'በአንድ ዓመት ስምንት ዓመት የምታድግ ልጅ አላየሁም፤ አንዱ ውሸት ነው' አለችኝ። እስከ ሐሙስ ድረስ የትኛው ውሸት እንደ ሆነ የሚናገር ሰው ካላመጣሁ፣ ፋይሉ በእኔ ስም ብቻ ይሄዳል። ልጄን ትቼ ልሂድ፣ ወይስ ባሌን ትቼ ልቅር? ይፍረዱኝ!»

መምህር ጋረደው መነጽራቸውን አወጡ። ብፅአት ሃየሎም፣ ዐሥራ ዘጠኝ። ከሥር ወዳለው ሲወርዱ የገዛ ስማቸውን አገኙት፤ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ሰባ ስድስት ተደርገዋል። ወዲያው ገባቸው።

ሐጅ እስማኤልና ሶፎኒያስ ተጠርተው መጡ። ሶፎኒያስ ላፕቶፑንም ስልኩንም ይዟል፤ ሁለቱንም ከፈተና ለሸዋረጋ አዞረላት።

«እዪ፣ እታለም። እዚህ ዐሥራ ዘጠኝ፣ እዚህም ዐሥራ ዘጠኝ። ሁለት የማይተዋወቁ ሥርዓቶች ናቸው፤ እንዴት አንድ ላይ ይሳሳታሉ? 2006 ተወለደች ይላል። ዛሬ 2025 ነው። ቀንሺ።»

«በ2006?» ሸዋረጋ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «በፈረንጅ ነው የምትለኝ? በፈረንጅ ሁለት ሺህ ስድስት እኔ ሃየሎምን በዓይኔም አላየሁት! ከየት አምጥቼ ነው የምወልዳት?»

«ሌላ 2006 አለ እንዴ?» አለ ሶፎኒያስ።

ሐጅ እስማኤል ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። ብፅአት እንኳ ሳቋን ልትውጠው አልቻለችም።

«የእኛው ነዋ፣ ጋሼ!» አለችው ልጅቷ።

ሶፎኒያስ ሞኝ አልነበረም፤ ያላወቀው ሳይጠይቅ የሮጠበትን ብቻ ነው። ጣቶቹን ቈጠረ፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ቀና አለ። «ታዲያ አሮጌው ሣጥን እንዴት ትክክል ይናገር ነበር? የዕድሜው ስሌት እኮ ያው ነው፤ ከእሱ አንድ መስመር አልቀየርኩም።»

«እውነት እንዴት?» አሉ ሐጅ እስማኤል ወደ መምህር ጋረደው ዘወር ብለው።

መምህር ጋረደው መነጽራቸውን ማጽዳት ያዙ። አጥብቀው አጸዱት። እሳቸው ሳይመልሱ ሶፎኒያስ ጠረጴዛውን በጥፊ መታው።

«ባትሪው! ሰዓቱ 2018 ላይ ሞቶ ነበር! ከ2018 ላይ 2006 ሲቀነስ ዐሥራ ሁለት! ያ ሰውዬ እኮ ትክክል የሆነው በአጋጣሚ ነው፤ ባትሪው ስለ ሞተ!»

ዐሥራ ስምንት ዓመት። ዐሥራ ስምንት የእንቍጣጣሽ ጠዋት፤ ሁለት መቶ የወር መባቻ ሳያዛንፉ የጠበቁት፤ ወባ ይዟቸው እየተንቀጠቀጡ የካቲትን የከፈቱበት ዓመት። ይህ ሁሉ ትጋት በአንድ የስልክ ጠጋኝ አፍ የሞተ ባትሪ ሆነ። መምህር ጋረደው እንዲህ ያለ ውርደት ይደርስብኛል ብለው አስበው አያውቁም ነበር። ከውርደቱ የከፋው ግን ውርደቱ መደበቂያ ሆኖላቸው መምጣቱ ነው። ዝም ቢሉ ማንም ሳይጠይቃቸው ነገሩ ሊያልፍ ነው። ለአፍታ ያህልም፣ ያ ሁሉ ጨዋነታቸው እያለ፣ ዝም አሉ።

«እንግዲያውስ ቀላል ነው» አለ ሶፎኒያስ። «የላፕቶፑን ሰዓት ወደ 2018 እመልሰዋለሁ።» መለሰው። ብፅአት ዐሥራ ሁለት ሆነች። ሐጅ እስማኤል እፎይ አሉ። ወረቀቱን ወደ ሾዋክ ለመላክ ግን ከኢንተርኔት ጋር ሲያገናኘው፣ ገጹ ሰዓትህ ተሳስቷል ብሎ አልከፍትም አለ፤ ጥቂት ቆይቶም ላፕቶፑ ማንንም ሳይጠይቅ ሰዓቱን ወደ 2025 መለሰ። ልጅቷ እንደ ገና ዐሥራ ዘጠኝ ሆነች። ሶፎኒያስ ደግሞ መለሰው፤ ማሽኑም ደግሞ መለሰው። በዚህ ዓይነት ብፅአት በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ አደገች።

«በየትኛውም ሥርዓት ይሠራል አላልክም?» አለችው ሸዋረጋ። «ይኸው በየትኛውም ሥርዓት አልሠራም!»

«እሱን ቆይተን እናስተካክለዋለን» አሉ ሐጅ እስማኤል። ሰላም ወዳድ ሰው ናቸው፤ ሰላምን የሚወዱት ግን ከእውነት አስበልጠው ነው። «አሁን የሚያስፈልገው ደብዳቤ ነው። እንዲህ እንጽፋለን፦ 'የቀድሞው ማሽናችን ሰዓት ባትሪው ሞቶ ስለ ነበር የዕድሜው አቈጣጠር ተዛብቷል።' ማኅተም እመታበታለሁ፤ አለቀ።»

ሸዋረጋ ተነሥታ ቆመች። ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ይህም ከጩኸቷ የባሰ ነበር።

«ሐጅ፣ ምን እያሉ ነው? የቀድሞው ተዛብቷል ካሉማ የአምናው ወረቀት ውሸት ሆነ ማለት ነው። ልጄን ልጅ የሚያደርጋት ያ ወረቀት እኮ ነው! እሱ ውሸት ከሆነ እውነቱ ዐሥራ ዘጠኙ ሊሆን ነው። እኔን ለመርዳት ብለው ልጄን በማኅተም ሊቀሙኝ ነው?»

ሶፎኒያስ ወደ ስልኩ አቀረቀረ። መምህር ጋረደው አንድ በአንድ ተመለከቷቸው፤ አንዱ ሳያነብ ማኅተም የሚመታ፣ አንዱ ሳይጠይቅ የሚሮጥ። እስከዚህ ቀን ድረስ ንቀታቸው ለእነዚህ ለሁለቱ ይበቃቸው ነበር። አሁን ግን ሦስተኛ ሰው ጨመሩበት፤ ያም በዚያ ክፍል ውስጥ ካሉት ሁሉ አውቆ ዝም ያለው ብቸኛ ሰው፣ እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

«ባትሪው አልሞተም» አሉ።

«ምን አልክ ኡስታዝ?»

«ባትሪው አልሞተም፤ እኔ በየሁለት ዓመቱ እቀይረዋለሁ። ሰዓቱን ወደ ኋላ የመለስኩት እኔ ነኝ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በየወሩ በዚህ እጄ አስኬድኩት። የአምናው ወረቀት እውነት ነው፤ የካቻምናውም እውነት ነው። ሐሰት የሆነው የዘንድሮው ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገሯቸው፤ ስለ ክንፈ ሠንጠረዥ፣ ስለ ጥቅምት ሁለቱ ቀናት፣ በበሩ ላይ ስለሚለጠፈው ማስታወቂያ። ጀርባቸውን አላጐበጡም፤ ድምፃቸውንም አላለዘቡም። የሰማቸው ሰው ጥፋት የሚናዘዙ ሳይሆን ትምህርት የሚሰጡ ይመስለው ነበር።

መምህር ሲጨርሱ ሐጅ እስማኤል «ሱባኤው ለካ...» ብለው ጀመሩና የቀሩትን ቃላት ዋጡ።

ሶፎኒያስ ግን አልሳቀም። ፊቱ ቀልቶ ነበር። «እኔ መጥቼ 'ሰዓቱ ሞቷል' ስልህ እኮ አጠገቤ ቆመህ ነበር። ለምን አልነገርከኝም?»

«ንቄህ ነበር።»

«ብቻ?»

«ብቻ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«እሱን ንቀው ልጄን ቀጡ» አለች ሸዋረጋ። «መልካም። አሁን ይህን የነገሩንን ሁሉ ሾዋክ ሄደው ይናገሩታል? በራስዎ አፍ?»

መምህር ጋረደው ለአንድ ቢሮ ሠራተኛ ጥፋት ለመናገር ወረፋ ይዘው አያውቁም። ሌላ ሰው መላክ ይቻል እንደ ሆነ ለጥቂት ጊዜ አሰቡ። የሚላከው ሰው ሐጅ እስማኤል ወይም ሶፎኒያስ መሆኑን ባሰቡ ጊዜ ኮታቸውን አነሡ።

በማግሥቱ፣ ረቡዕ፣ አራቱ በአውቶቡስ ሄዱ፤ ሐጅ እስማኤል ማኅተሙን ለሸዋረጋ በአደራ ሰጥተው ስብሰባ አለብኝ ብለው ቀሩ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ማሽላ ታጭዶ ምድሩ ገላጣ ነበር። ሶፎኒያስ በመጀመሪያው ኬላ እስኪደርሱ ድረስ አኵርፎ ተቀመጠ፤ ከዚያ ደብተር አወጣ።

«እሺ ኡስታዝ፣ ንገረኝ። መቼ ሰባት፣ መቼ ስምንት ነው የሚቀነሰው?»

«'ይንገሩኝ' ነው የሚባለው።»

«ይንገሩኝ።»

መምህር ጋረደው ነገሩት። ሁለት ጊዜ ሲደግሙለት ገባው፤ በሦስተኛው እሱ ራሱ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆንበት ስለ ዘመነ ሉቃስ ጠየቃቸው። ይህን አልጠበቁም ነበርና ሳይወዱ በትክክል መለሱለት።

የሾዋኳ ሠራተኛ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለች፣ ቶብ የሚባለውን ረጅም ነጭ መጎናጸፊያ የለበሰች ሱዳናዊት ነበረች። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ አዳመጠቻቸው። መምህር ጋረደው በዓረብኛ ያውም በመጽሐፍ ዓረብኛ አስረዱ፤ ሠራተኛዋም አንድ ሁለቴ ፈገግታዋን በቶቧ ጫፍ ሸፈነች። ከጨረሱ በኋላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ያ ኡስታዝ፣ እኛም እኮ ሁለት ዘመን አለን። ዓመቱን ስንጽፍ ከጎኑ አንድ ፊደል እናደርግበታለን፤ የሒጅራ ነው ወይስ የሚላዲ፣ የፈረንጁ። እናንተ ይህን ማድረግ አልቻላችሁም ነበር?»

የክንፈን ሠንጠረዥ ያጣጣሉበት ኩራት፣ በየወሩ ማልደው የተነሡበት ድካም፣ ሁሉም በአንድ ፊደል ሊተካ ይችል እንደ ነበር ከአንዲት የቢሮ ሠራተኛ ሰሙ። በሕይወታቸው ብዙ ሰው ሰነፍ ብለዋል፤ ይህን ያህል በአጭር ቃል ግን ማንንም ብለው አያውቁም።

«እንችል ነበር» አሉ።

ሠራተኛዋ የዘንድሮውን ወረቀት ሳበች። ዐሥራ ዘጠኝን በአንድ መስመር ሠረዘች፤ ከላዩ ዐሥራ ሁለት ጻፈች፤ ማኅተሟን መታችበት። ሸዋረጋ እስክሪብቶው ከወረቀቱ ላይ እስኪነሣ ድረስ አልተነፈሰችም።

«ለፋይሉ አንድ መስመር ማስረጃ ይጻፉልኝ» አለች ሠራተኛዋ ለመምህር ጋረደው ንጹሕ ወረቀት እየሰጠች። «'ዘመኑ የኢትዮጵያ ነው' ይበቃል። የቀሩትን ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት ቤተሰቦች ዝርዝር ግን አስተካክላችሁ እንደ ገና ታቀርባላችሁ። እስከዚያ ድረስ የማኅበራችሁን ወረቀት አንቀበልም።»

«ስንት ቀን ይፈጅብሃል?» አሉ መምህር ጋረደው ወደ ሶፎኒያስ ዞረው።

«እርስዎ አጠገቤ ተቀምጠው ካነበቡልኝ ዐሥር ቀን።»

«እቀመጣለሁ» አሉ፤ ፊታቸው ግን መራራ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ፊት ነበር። ከዚያ በወረቀቱ ላይ አቀረቀሩና መጻፍ ጀመሩ። የመጀመሪያው ገጽ ሞላ። ሁለተኛ ወረቀት ጠየቁ።

«አንድ መስመር እኮ ነው ያልኩዎት» አለች ሠራተኛዋ።

«ዐሥራ ስምንት ዓመት ያጠፋሁትን በአንድ መስመር አላሳጥርም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የምጽፈውም እኔ ነኝ።»

ውጭ የአውቶቡሱ ረዳት የገዳሪፍን ስም መጥራት ጀምሯል። ሸዋረጋ ወረቀቱን አጥፋ በጉያዋ ከታ፣ ብፅአትን በእጇ ያዘችና ከበሩ ላይ ቆም አለች።

«መምህር፣ እኛ መሄዳችን ነው። ከእኔ ምስጋና እንዳይጠብቁ።»

«አልጠበቅሁም።»

«አባቴ ቢሆኑ ኖሮ ደግሞ ሰድቤዎት ነበር የምሄደው።»

መምህር ጋረደው ቀና ብለው አዩዋት። በዚያ ሳምንት ከሰሙት ንግግር ሁሉ ፍሬ ያለው ይህ ብቻ እንደ ነበር ታወቃቸው። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሷትና፣ ወደ ሁለተኛው ገጽ ተመለሱ።